የክትትል ጉድጓድ ሲዘጋ፦ መሙላት፣ መንቀል ወይስ እንደገና መቆፈር?

የተበከለ ግቢ ሲጸዳ የሁሉም ዓይን ያለው አፈሩ ላይ ነው። የነዳጅ ታንከሩ ወጣ። የጠቆረው አፈር ተጭኖ ሄደ። ግቢው ተደለደለ። የክትትል ጉድጓዶቹ፣ የከርሰ ምድር ውሃውን ብክለት ለመመርመር የተቆፈሩት፣ ግን እዚያው ናቸው። ሁለት ኢንች የፒቪሲ ቧንቧ፣ የዛገ ክዳን፣ ዙሪያውን የበቀለ ሣር። ከዓመታት በኋላ አንድ ግሬደር ክዳኑን ጠርጎት ያልፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ጎርፍ ማጣሪያ የለው፣ ማቆሚያ የለው፣ በቀጥታ ከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ይገባል።

እነዚህን ጉድጓዶች መዝጊያው መንገድ ብዙ ነው፤ ዋጋውም ውጤቱም ይለያያል። ይህን ስጽፍ የማስበው ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ የማደያ ባለቤት፣ የፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን።

አብዛኛው ሰው የሚመርጠው በዋጋ ነው፤ ወይም «ማሽን ይገኛል ወይ?» ብሎ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከቧንቧው ውጪ ያለው ክፍተት በደንብ መደፈኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሥራው ርካሽና ቀላል ነው። «አላውቅም» ከሆነ ግን ከውስጥ ምንም ያህል ሲሚንቶ ብታፈሱ ጉድጓዱ ገና ክፍት ነው።

ለምን? የክትትል ጉድጓድ ሲሠራ መጀመሪያ 150 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። መሐሉ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይገባል። በቧንቧውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል ማለት ነው። ይህ ክፍተት ታች፣ ስክሪኑ (ውሃ የሚያስገባው፣ ቀዳዳ ያለው የቧንቧው ክፍል) ዙሪያ፣ በጠጠር ይሞላል። ከጠጠሩ በላይ ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ)፣ ከዚያ በላይ እስከ መሬት ገጽ የሲሚንቶ ግራውት (በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ) መሆን ነበረበት። ቸኩሎ የሠራ ቆፋሪ ግን ከጠጠሩ በላይ የቁፋሮውን አፈር መልሶ ይደፋበታል። ከላይ አንድ ባልዲ ኮንክሪት ያለብሰዋል። ሲያዩት ያምራል። ሁለቱን ጉድጓዶች ጎን ለጎን አቁማችሁ ብታዩ መለየት አትችሉም።

ከምርጫው በፊት

መጀመሪያ የቁፋሮውን መዝገብ፣ ባለሙያው ሎግ የሚለውን፣ ፈልጉ። ጥልቀቱ፣ ስክሪኑ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ክፍተቱ በምን እንደተሞላ፣ ስንት ከረጢት እንደገባ እዚያ ላይ አለ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ። «2007» የሚል ሎግ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈው ሰው ካልነገራችሁ አታውቁም፤ ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያል። በአንድ ግቢ ውስጥ በሁለት ዙር የተቆፈሩ ጉድጓዶች ካሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የቦታው መለኪያም ሌላ ጣጣ አለው። የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው። የእጅ ጂፒኤስና ስልካችሁ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ይለካል። ሁለቱን ሳታስማሙ ከሄዳችሁ 200 ሜትር ገደማ ትስታላችሁ። ሜዳ ላይ 200 ሜትር ማለት የጎረቤት ማሳ ነው።

ከዚያ ክፈቱና ለኩ። ሲከፈት ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ፤ ሲጋራ የሚባል ነገር በአካባቢው አይኑር። የነዳጅ ትነት ወይም የቆሻሻ መጣያ ጋዝ ቧንቧው ውስጥ ታምቆ ይቆያል። የውሃውን ልክና የጉድጓዱን ወለል ለኩ። ሎጉ 30 ሜትር ካለና ገመዳችሁ 22 ላይ ከቆመ ወይ ደለል ሞልቶታል፣ ወይ ቧንቧው ተጣሟል፣ ወይ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ሲጥሉበት ከርመዋል። ሦስቱም የተለያየ መልስ አላቸው። ውሃው ላይ ነዳጅ ከተንሳፈፈ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይወጣል። ነዳጁን ሳያወጡ መሙላት መሙያውንም ያበላሻል፣ ነዳጁንም ወደ አለቱ ስንጥቅ ይገፋዋል።

ማስረጃ ሳይሟላ ዋጋ የሚሰጥ ተቋራጭ ካጋጠማችሁ፣ እሱ የመረጠው ዘዴ የሚመቸው ለእሱ ነው።

ሳይዘጉ ማቆየት

ይህም አማራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይዘነጋል። ብክለቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ከሆነ፣ ወይም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «በቃ» ካላለ፣ ጉድጓዱ ዓይናችሁ ነው። የደፈናችሁትን ጉድጓድ መልሶ ማስቆፈር ከመዝጊያው ወጪ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ቁልፍ ግዙለት፣ ዙሪያውን በብረት ምሰሶ ጠብቁት፣ ክዳኑን በየክረምቱ መግቢያ አንድ ሰው እንዲያየው በስሙ ስጡት።

ይህን የማታደርጉ ከሆነ ግን ዝጉት። ቁልፍ የሌለው፣ ባለቤት የሌለው ጉድጓድ ከሁሉም የከፋ ነው።

ለውሃ መጠቀሚያ መልቀቅ የሚባለውን እንኳን አታስቡት። ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። በበጋ ከብቱን ውሃ ፍለጋ ሩቅ የሚነዳ ገበሬ ዓይኑ እያየ ውሃ ያለው ጉድጓድ ሲደፈን ዝም አይልም።

«እናንት ልጆች፣ ውሃ ያለውን ጉድጓድ ነው የምትደፍኑት?»

«አባባ፣ ውሃው ነዳጅ አለበት። ለከብትም አይሆንም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን በክዳን ብቻ ተዋችሁት?»

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የለም። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ከቀበሌው ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ በግልጽ ንገሯቸው።

ቧንቧውን ሳይነቅሉ መሙላት

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ክፍተቱ በግራውት መደፈኑን ሎጉ ካረጋገጠ፣ ቧንቧው ቀጥ ያለና ያልተሰበረ ከሆነ፣ ስክሪኑም አንድ የውሃ ንብርብር ላይ ብቻ ካለ፣ ሌላ አትፈልጉ። ማሽን አያስፈልግም። አንድ ማደባለቂያ፣ አንድ ትንሽ ፓምፕ፣ ቀጭን ቱቦና ልብ ያለው ሰው ይበቃል።

ሂሳቡን እንሥራው። 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በሜትር 2 ሊትር ገደማ ይይዛል። 30 ሜትር ከሆነ 60 ሊትር ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ25 እስከ 27 ሊትር ውሃ ሲቀላቀል ከ40 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ግራውት ይወጣዋል። ስለዚህ አንድ ተኩል ከረጢት ያስፈልጋል፤ እናንተ ሦስት ይዛችሁ ሂዱ። ስክሪኑ ዙሪያ ያለው ጠጠርም የራሱን ይጠጣል። አሸዋና ጠጠር አትጨምሩበት። ኮንክሪት በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ሲወርድ ይለያያል፤ ጠጠሩ መሐል ላይ ይቀረቀርና ከሥሩ ባዶ ይቀራል።

አሞላሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ነው። ቀጭኑ ቱቦ መጀመሪያ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ግራውቱ የሚገባው ከታች ነው፣ ወደ ላይ እየገፋ ይወጣል። የቱቦው ጫፍ ሁልጊዜ ግራውቱ ውስጥ ጠልቆ መቆየት አለበት፤ ቱቦውን ቶሎ ቶሎ ከመዘዛችሁት ውሃ መሐል ገብቶ ይቆርጠዋል። አፉ ላይ ቆማችሁ የሚወጣውን ተመልከቱ። መጀመሪያ የጉድጓዱ ውሃ ይፈስሳል። ቀጥሎ ደፍረስ ይላል። ከዚያ ግራጫ ቀጭን ውሃ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሞላ!» ብሎ ያቆማል። አልሞላም። የሚወጣው እንደሚገባው እስኪወፍር ጠብቁ። ጥርጣሬ ካላችሁ አንድ ሊትር ጆግ ሞልታችሁ መዝኑት፤ ከላይ ባልኩት ልክ የተቀላቀለ ግራውት በሊትር 1.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 1.4 ካለ ገና ውሃ ነው።

የወጣው ውሃ የተበከለ ነው። ቦይ ውስጥ ሳይሆን በርሜል ውስጥ ይግባ። በርሜሉ ላይ የጉድጓዱ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት።

በማግሥቱ ተመለሱ። ግራውቱ ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ እሱ ጤነኛ ነው፣ ሙሉት። ሁለት ሦስት ሜትር ከወረደ ግን ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ነው።

የዚህ ዘዴ ድክመት አንድ ነው፤ ከቧንቧው ውጪ ላለው ክፍተት ምንም አያደርግም።

ቧንቧውን ነቅሎ መሙላት

ክፍተቱ አጠራጣሪ ከሆነና ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ ቧንቧውን ማውጣት የተሻለ ነው። ቧንቧው ሲወጣ ግራውቱ ከቧንቧው ውጪ ወደነበረው ክፍተት መግባት ይችላል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ እንዳለው ዓይነት አሸዋና ደለል መሬት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይሳካል።

ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ልል መሬት ቧንቧው እንደወጣ ይናዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቧንቧውን በግራውት ትሞላላችሁ፣ ከዚያ የታችኛውን ክዳን በስታችሁ ቀስ በቀስ ትመዛላችሁ። ቧንቧው በተሳበ ቁጥር ግራውቱ ቦታውን ይይዛል፤ እናንተም ከላይ ትጨምራላችሁ። ባዶ ነቅሎ ከዚያ ለመሙላት መሞከር የተናደ አፈር ላይ ሲሚንቶ ማፍሰስ ነው።

ሁለተኛ፣ ፒቪሲ ጉልበት የለውም። ለዓመታት የተቀበረ ቧንቧ በሰንሰለትና በጃክ ሲጎተት መገጣጠሚያው ላይ ይበጠሳል። ግማሹ እጃችሁ ላይ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ የሚቀጥለው ብቻ ነው።

መጠኑም ይለወጣል። 150 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ በሙሉ ስፋቱ ከተሞላ በሜትር 18 ሊትር ገደማ ይወስዳል። 30 ሜትሩ ከ500 ሊትር ያልፋል፤ 13 ከረጢት ገደማ። 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ 23 ከረጢት። በአንድ ተኩል ከረጢት ሂሳብ ውል የፈረመ ተቋራጭ እዚህ ላይ ፊቱ ይጠቁራል።

በላዩ ላይ እንደገና መቆፈር

የቁፋሮ ማሽን አምጥቶ ቧንቧውን፣ ጠጠሩን፣ አሮጌውን ሙሌት ሁሉ ፈጭቶ ማውጣት ነው። የመሰርሰሪያው ስፋት ከመጀመሪያው ጉድጓድ ይበልጣል። ሲያልቅ ንጹሕ ጉድጓድ ይቀራል፤ ከታች ወደ ላይ ይሞላል። እርግጠኛው ዘዴ ይህ ነው። ውዱም እሱ ነው።

መቼ ይገባዋል? ሎግ ከሌለና ጉድጓዱ ቧንቧውን ለመንቀል ከጠለቀ። ክፍተቱ በቁፋሮ አፈር መሞላቱ ከታወቀ። ስክሪኑ ሁለት የውሃ ንብርብሮችን ካገናኘ፤ ማለትም የላይኛው የተበከለ ውሃ ወደ ታችኛው ንጹሕ ውሃ መውረጃ ካገኘ። ቧንቧው ተበጥሶ ከቀረ። ከእነዚህ አንዱ ካለ በርካሹ ዘዴ መሞከር ውሃ ወቀጣ ነው።

ችግሮቹ ግን ቀላል አይደሉም። ማሽን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በአስፋልት ይመጣል፤ ከዚያ ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐቤቴ ቆላ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ለአንድ ጉድጓድ ማሽን ማንቀሳቀስ ኪሳራ ነውና የአካባቢውን ጉድጓዶች አሰባስቡ። ጠንካራ ባዛልት ላይ ደግሞ መሰርሰሪያው ከቧንቧው መሥመር ሊወጣ ይችላል። መሪ ዘንግ ቧንቧው ውስጥ ካልገባ ጎኑን ይበሳና አሮጌው ጉድጓድ እንዳለ፣ አጠገቡ ሌላ አዲስ ጉድጓድ ይኖራችኋል። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ይህ አደጋ ይጨምራል። የሚወጣውም ዝቃጭ የተበከለ ነው፤ የት እንደሚሄድ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት መታወቅ አለበት።

ቧንቧውን ከውስጥ በስቶ ግራውቱን በግፊት ወደ ውጪ ማስገባት የሚባል አምስተኛ መንገድም አለ። ለብረት ቧንቧና ለጥልቅ ጉድጓድ ይስማማል። መሣሪያውና የሚያውቀው እጅ ከተገኘ ጥሩ ነው። ለሁለት ኢንች ፒቪሲ ግን አልመክረውም።

አፉን ብቻ በኮንክሪት መድፈን፣ ወይም አፈርና ድንጋይ መሙላትስ? የጀበና ውታፍ ነው። ከላይ የተዘጋ ይመስላል፣ ሆዱ ግን ባዶ ነው። በአማራጭነት አልቆጠርኩትም።

በምን እንሙላው?

ፉክክሩ በሲሚንቶና በቤንቶናይት መካከል ነው።

ሲሚንቶ በየከተማው አለ፣ ሠራተኛውም ያውቀዋል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ድክመቱ ሲደርቅ ትንሽ መኮማተሩ ነው፤ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ቀጭን ክፍተት ሊተው ይችላል። ከሦስት እስከ አምስት በመቶ ቤንቶናይት ሲጨመርበት ይሻሻላል፤ ውሃም ትንሽ ይጨምራል። ቤንቶናይቱን መጀመሪያ በውሃ በጥብጡት፣ ሲሚንቶው ኋላ ይግባ።

ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) እና ፒፒሲ (ፖዞላና የተጨመረበት ሲሚንቶ) ናቸው። ኦፒሲ ቶሎ ይጠነክራል። ፒፒሲ ቀስ ይላል፣ የሚያመነጨው ሙቀት ያነሰ ነው፣ ሰልፌትም በተሻለ ይቋቋማል። ቆዳ ፋብሪካ አካባቢ ላለ ጉድጓድ እኔ ፒፒሲን አስቀድማለሁ። ቆዳ በጨው ይጠበቃል፣ ጸጉሩም በሰልፋይድ ይነሳል፤ ሰልፋይዱ ሲለወጥ ሰልፌት ይሆናል። ሰልፌት ተራ ሲሚንቶን ቀስ ብሎ ይበላዋል።

ጨው ደግሞ የቤንቶናይት ጠላት ነው። ቤንቶናይት ሥራው ማበጥ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ብዙ እጥፍ ያብጥና ክፍተቱን ይዘጋል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ግን በደንብ አያብጥም። ነዳጅ ውስጥም እንደዚያው። ዓይነቱንም ጠይቁ፦ የሶዲየም ቤንቶናይት በጣም ያብጣል፣ የካልሲየሙ ብዙም አያብጥም። ከረጢቱ ላይ «ቤንቶናይት» መባሉ ብቻ አይበቃም። አንድ እፍኝ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ ሌላ እፍኝ ከጉድጓዱ በወጣ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አሳድሩት። ሁለተኛው ብርጭቆ ታች ተኝቶ ካደረ ሌላ መሙያ ፈልጉ።

ቤንቶናይት ጥሩ የሚሆነው ንጹሕና ጨው የሌለበት ውሃ ባለበት፣ ከውሃው ልክ በታች ነው። ከውሃው ልክ በላይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እንደ ጠጠር የደቀቀውን ቤንቶናይት በሁለት ኢንች ቧንቧ የምታወርዱ ከሆነ በጣም ቀስ በሉ። አንድ ከረጢት በደቂቃ ከደፋችሁ መሐል ላይ ድልድይ ሠርቶ ይቀራል። በየሜትሩ ገመድ እያወረዳችሁ ለኩ።

የላይኛው ሜትር ተኩል በሰሜን ሸዋ ደጋ የራሱ ታሪክ አለው። ከደብረ ብርሃን ዙሪያ እስከ እነዋሪ ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቧንቧውን እስከ መሬት ገጽ ከተዋችሁት አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር እየጎተተ ያላቅቀዋል፤ ሞፈር ቀንበሩም ይያዝበታል። ስለዚህ ዙሪያውን ቆፍራችሁ የላይኛውን ሜትር ተኩል ቧንቧ ቁረጡና አውጡ። ከቁራጩ ጫፍ በላይ ሰፋ ያለ የኮንክሪት ቆብ አድርጉ። የቀረውን በዚያው አፈር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፤ አፈሩ ስለሚቀመጥ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ውርጩንም አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ያልደረቀ ሲሚንቶ ያበላሻል። በእነዚያ ወራት የምትሠሩ ከሆነ ቆቡን ጠዋት አፍስሱና ማታ በጭድና በሸራ ሸፍኑት። የሚሻለው ግን ከጥር እስከ ግንቦት ነው። ክረምት ላይ ማሽንም አይገባም፣ የውሃው ልክም ከፍ ይላል።

ለሦስት ቦታ ምን እመርጣለሁ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ አንድ የቀድሞ ማደያ እንውሰድ። ከላይ ዋልካ፣ ከሥሩ የተሰነጠቀ ባዛልት። አምስት ጉድጓዶች፣ ሎግ ያላቸው፣ በግራውት የተደፈኑ። ሳይነቀል መሙላት ይበቃል። መሙያው ሲሚንቶ ከትንሽ ቤንቶናይት ጋር። የምጠነቀቀው ለስንጥቁ ነው፦ ግራውቱ ከሂሳቡ እጥፍ ከሄደ አቆማለሁ። ስንጥቁ ያለበትን ቦታ በንጹሕ አሸዋ እሞላና ከላዩ በቤንቶናይት ዘግቼ እቀጥላለሁ። ያለማቋረጥ ማፍሰስ ሲሚንቶውን ታች ያለ የሰው ምንጭ ውስጥ ሊያወጣው ይችላል። አምስቱንም ስሠራ ከንጹሑ ጀምሬ በቆሸሸው እጨርሳለሁ፤ ቱቦና ገመድ ብክለት ይዘው እንዳይሄዱ።

ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሌላ ነው። ቆላ፣ ደለል፣ በመስኖ የሚለማ ማሳ። ውሃው ቅርብ ነው፣ ገበሬውም በፓምፕ ይስበዋል። ሎግ የሌለው ጥልቀት የለሽ ጉድጓድ ከሆነ ግራውት እየሞሉ መንቀል። ከተበጠሰ ያለማመንታት ማሽን። እዚህ በቁጠባ ስም ግማሽ ሥራ መሥራት አያዋጣም፤ ብክለቱ የሚሄደው ወደ ሰው ሽንኩርት ነው።

ሦስተኛው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ገደል ነው። መሬቱ ይንሸራተታል። ቧንቧው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ተጣሞ ወይም ተቆርጦ ይገኛል። ማሽን አስገብቶ ቁልቁለት ላይ ማቆም ለሠራተኛው ሕይወትም አስጊ ነው። እዚህ ፍጹም የሆነውን ዘዴ አልመርጥም። ቱቦው የሚደርስበት ድረስ አውርጄ ከተቆረጠው ቦታ በታች ግራውቱን በግፊት ለማስገባት እሞክራለሁ። የደረስኩበትን ጥልቀትና የቀረውን በግልጽ እጽፋለሁ። ታች ያሉትን ምንጮች ውሃ መመርመር መቀጠል አለበት፤ ይህ ከመዝጊያው ወጪ ጋር አብሮ በጀት ይያዝለት።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። ሰሜን ሸዋ የሁለት ተፋሰስ ጣራ ነው። የበሬሳ ውሃ ወደ ጀማ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከጣርማ በር ማዶ የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው። የግቢያችሁ ብክለት ወደ የትኛው እንደሚያመራ ማወቅ ማንን ማሳወቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ወረቀቱና ውሉ

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የጉድጓድ ሥራን በፈቃድ ያስተዳድራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያደርጋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ለዞኑ የውሃ መምሪያ በደብዳቤ አሳውቁ፤ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዙ። ለአሠራሩ ብዙ ባለሙያ የሚይዘው የአሜሪካው ደረጃ አውጪ ድርጅት ኤኤስቲኤም ያወጣውን ዲ5299 የሚባለውን መመሪያ ነው፤ ተቋራጩ በእሱ መሠረት እንዲሠራ ውሉ ላይ ማስገባት ይቻላል።

ውሉን «በጉድጓድ ይህን ያህል ብር» ብላችሁ አትጻፉት። እንዲህ የተጻፈ ውል ተቋራጩን ሲሚንቶ እንዲቆጥብ ይጋብዘዋል። ለማንቀሳቀሻ አንድ ዋጋ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር አንድ ዋጋ፣ ለገባው ከረጢት ሌላ ዋጋ ይሁን። ባዶ ከረጢቶቹ በቦታው ይቆጠሩ። አራዳ ተቋራጭ ባዶ ከረጢት ከሌላ ሳይት ይዞ ሊመጣ ይችላልና ሲቀላቀል የእናንተ ሰው ቆሞ ይይ።

የመጨረሻውን ክፍያ አስር በመቶ እስከ መስከረም ያዙት። ክረምቱ ሲወጣ ሂዱና ቦታውን እዩት። አፈሩ ሰምጦ ውሃ አቁሮ ካገኛችሁት ተቋራጩ መጥቶ ይሙላ። ደህና ከሆነ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ቁጥር፣ ቦታ፣ ጥልቀት፣ የገባውን ከረጢት ብዛትና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ አንዱን ለወረዳው፣ አንዱን ከግቢው ካርታ ጋር አስቀምጡና ቀሪውን ክፈሉት።